የሰማይ ድርሻ

በወርዘን መንግሥት እንፋሎት ሁልጊዜ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ይህ ደግሞ ምኑ ይነገራል የሚል ቢኖር፣ ያን ማለዳ በንጉሥ ዳዛር አዳራሽ ያልነበረ ሰው ነው። ያን ማለዳ በታላቁ የናስ ድስት ሲንተከተክ የነበረው የጦስኝ ሻይ እንፋሎቱን ወደ ሰማይ መስደድ ተወ። ነጩ ጉም በድስቱ ከንፈር ላይ ተንከባለለ፤ እንደ እባብ እየተሳበ በደረጃው ወረደ፤ የነካውን ድንጋይ ሁሉ አመዳይ እያለበሰ እስከ ዙፋኑ እግር ደረሰ።

መኳንንቱ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። የመድኃኒት አፍሊዎች እመቤት ዝናሜ ግን ጭልፋዋን እንደያዘች ዐይኗ ሌላ ቦታ ነበር። የልጅ ልጇ አርምዳ በዚያ ብርድ መካከል ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ቆማለች።

«አንቺ ልጅ! ደረትሽን ሸፍኚ እንጂ! ብርድ ሊመታሽ ነው!» ስትል አዳራሹ ሁሉ ሰማት።

«እምዬ፣ ንጉሡ ፊት እኮ ነን» አለች አርምዳ በሹክሹክታ።

«ስትታመሚ ንጉሡ የሚያስታምሙሽ ይመስልሻል?»

ንጉሡ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። ዓይናቸው እንፋሎት እያነበበ የሚመጣውን በሚናገረው ሽማግሌ፣ በሊቀ እንፋሎት ላይ ነበር። ሽማግሌው በትሩን አመዳዩ ላይ ተከለና ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ንጉሥ ሆይ! ሰማይ ድርሻውን መለሰ! ከዛሬ ጀምሮ ደንዝ የሚባለው ብርድ በሕፃናቱ ይገባል። ከንፈራቸው ይጠቁራል፤ ማልቀስ ይረሳሉ፤ ያላለቀሰ ሕፃንም አያድግም። ከአመዳይ ተራራ ትኩስ ፍሕሚት ካልመጣ በቀር ወርዘን ወራሽ የላትም!»

በወርዘን ምድር ድስት አይከደንም። ቅጠል ሲፈላ የሚወጣው እንፋሎት የሰማይ ድርሻ ነው፤ ሰው የሚጠጣው ከዚያ የተረፈውን ነው። ሸክላ ሠሪ ግጣም የሚባል ነገር አይሠራም። እናት ልጇን እሳት አጠገብ ስታስቀምጥ መጀመሪያ የምትላት «ሰማይን አትንፈጊ» ነው። በየቤቱ፣ በየሰፈሩ፣ ከገበሬው ጎጆ እስከ ቤተ መንግሥቱ፣ ማለዳና ማታ ያ ሁሉ እንፋሎት ክፍት ከሆነ ድስት እየተነሳ ወደ ላይ ይሄዳል። የሚሄደውም ወደ አንድ አቅጣጫ ነበር፤ ወደ አመዳይ ተራራ። ሰዉ ይህን እንደ በጎ ምልክት ያየው ነበር፤ ተራራው የሰማይ ደጃፍ ነው ይሉ ነበርና።

ሊቀ እንፋሎት የተናገረው ሳይውል ሳያድር ደረሰ። ሕፃናት በእናታቸው ጀርባ ላይ እንደ ድንጋይ ከበዱ። ከተማው ጸጥ አለ፤ ልጅ የማያለቅስበት ከተማ ምን እንደሚመስል ያየ አይረሳውም። የቤተ መንግሥቱ የፍሕሚት ማሰሮ ሲታይ ቅጠሉ ሁሉ ነጭ ዱቄት ሆኖ ተገኘ። ፍሕሚት የአይጥ ጆሮ የምታህል ቀይ ቅጠል ናት፤ ተራራው ጫፍ፣ ቁርዛም የሚባለው አውሬ ዋሻ አፍ ላይ ብቻ ትበቅላለች። ተቆርጣ እንኳ እንደ ፍም ትሞቃለች። በትክክል የተዘጋጀች እንደሆነ ከደም ውስጥ ብርድ ትነቅላለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ ከፈላች ግን መርዝ ነች። በመንግሥቱ ውስጥ ፍሕሚትን ማዘጋጀት የምታውቀው ዝናሜ ብቻ ነበረች።

ንጉሡ «ማን ይወጣል?» ብለው ሲጠይቁ፣ ጀግኖቹ እርስ በርስ ሲተያዩ፣ አርምዳ ወደ ፊት ወጣች።

«እኔ እወጣለሁ። በአባቴ አጥንት፣ በእናቴ ጡት እምላለሁ፤ ቅጠሉ ሳይወርድ እኔ አልወርድም!»

የዝናሜ ጭልፋ ከእጇ ወደቀ። «ንጉሥ ሆይ፣ ልጅ ናት! ገና ምኑንም አላየችም! አፏ ነው እንጂ ልቧ አልተናገረም! የሌላ ሰው ልጅ የለም? ይህ ሁሉ ጎረምሳ ጦሩን ተደግፎ ሲቆም የኔዋ ትሂድ? እናቷን ቀብሬ ያሳደግኋት እኮ አንድ እሷን ነው!»

«እሜቴ ዝናሜ» አሉ ንጉሡ፣ «መሐላ ወጥቷል።»

«እንግዲያው እኔም አብሬ ወጥቻለሁ።»

አዳራሹ ውስጥ የሳቁ ነበሩ። እሷ ግን ወዲያው ጓዳ ገብታ ስልቻዋን ታጭቅ ጀመር፦ ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ጦስኝ፣ ዳማከሴ፣ ከሰል፣ ማንቆርቆሪያ፣ ሁለት ጋቢ፣ ለአርምዳ ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ጋቢ።

ንጉሡ ሦስተኛ መንገደኛ ጨመሩላቸው፤ ግርማዝን። ግርማዝ ቁመቱ የበር መቃን የሚገጭ፣ ጋሻው ጎረቤት የሚያስጠልል ጦረኛ ነበር። ገና ከከተማው በር ሳይርቁ ጦሩን ነቅንቆ ፎከረ።

«ዘራፍ! የአመዳዩን ጌታ ጉሮሮውን አንቄ፣ ቆዳውን ምንጣፍ አድርጌ…»

«ጉሮሮህን ትጨርሰዋለህ» አለችው ዝናሜ። «በዚህ ብርድ ላይ አፍ ከፍቶ መጮህ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ይልቅ አንገትህን ጠምጥም።»

«እሜቴ፣ እኔ እኮ በሦስት ጦርነት…»

«ጠምጥም አልኩህ።»

ጠመጠመ። አርምዳ ፊቷን አዙራ ሳቀች።

መንገዱ ክፉ ነበር። ጥዱ እየቀነሰ፣ አስታው እየበዛ፣ ቀጥሎም አስታው ራሱ በበረዶ እየተቃጠለ ሄደ። በገደሉ ጥግ ጉም ለባሾች የሚባሉ መናፍስት በሚወዱት ሰው ድምፅ ይጠሩ ነበር። ዝናሜን የሞተችው ልጇ፣ የአርምዳ እናት፣ «እማዬ በረደኝ» እያለች ጠራቻት። ዝናሜ እንባዋ ጉንጯ ላይ እየረጋ አልዞር አለች፤ የአርምዳን ቀሚስ ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ፣ «አንቺ አትዙሪ፣ አንቺ ብቻ አትዙሪ» እያለች አለፈች። ከከተማ ይዘዋት የወጡት በቅሎ ግን ዞረችና ገደል ገባች። ከገደሉ ስር ድምጿን እንኳ አልሰሙም።

ማረፊያ ባገኙ ቁጥር ዝናሜ እሳት ታነዳለች። ደክሟት እንኳ ሥራዋን አታቻኩልም። ሥር የሆነውን፣ ዝንጅብሉን፣ ወቅጣ ከቀዝቃዛው ውሃ ጋር ትጥደዋለች፤ ሥር ደንዳና ነው፣ እስኪለምን መፍላት አለበት። ቅጠሉን ግን እሳት አታስነካውም። ውሃው ከወረደ በኋላ ትጨምረዋለች፤ ቅጠል አብሮ ሲንተከተክ መልካሙ ይሸሽና ምሬቱ ብቻ ይቀራል። ከዚያ ታጠለዋለች። በትኩሱ፣ በዝግታ፣ በትንሽ በትንሹ ታጠጣቸዋለች።

«ግርማዝ! እንደ ፈረስ አትጋት! አንጀትህ ሳይሰማው አለቀ እኮ!»

«ሲጠማኝስ፣ እሜቴ?»

«ለጥም ውሃ አለልህ። ይሄ መድኃኒት ነው፤ ፉት እያልክ፣ መጀመሪያ እንፋሎቱን አሽትተህ።»

አርምዳ ማንቆርቆሪያውን ለማንሳት እጇን ስትዘረጋ፣ ዝናሜ እንደ ልማዷ መታ አደረገቻት። «ተዪ! ይፈጅሻል። እኔ አለሁ አይደለም?»

«ሁልጊዜ አንቺ አለሽ» አለች አርምዳ። ቅሬታ አልነበረባትም፤ ነገር ግን ዝናሜ ቃሉን አልወደደችውም።

ከተራራው ጉልበት በላይ ነፋሱ እሳት አላስነድድ አለ። ውሃው ገና ከመሞቁ ይበርዳል። አርምዳ ከንፈሯ መጥቆር ሲጀምር ዝናሜ አበደች፤ አንድ ጋቢ፣ ሁለት ጋቢ፣ የራሷን ጋቢ አለበሰቻት፤ አልሆነም። ያኔ ግርማዝ ያደረገውን ያደረገው ነፋሱን ለመከላከል ብሎ ነው፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ጋሻውን ከጀርባው አውርዶ በማንቆርቆሪያው አፍ ላይ ደፋው።

«ምን አደረግህ!» ዝናሜ ጮኸች። «ሰማይን ነፈግኸው! አንሣ! አንሣው!»

«ትንሽ ይሙቅ እንጂ፣ እሜቴ…»

ሲነሣ ግን ከጋሻው ስር የወጣው ሽታ ሌላ ነበር። ጋሻው ውስጥ ውስጡን ወርዝቶ፣ ጠብታው ሁሉ ተመልሶ ወደ ውሃው ይንጠባጠባል። የጦስኙ መዓዛ አፍንጫ ይሰነጥቃል። አርምዳ አንድ ጊዜ ፉት ስትል ከንፈሯ ቀላ። ሁለተኛ ስትል ጋቢዋን ገፈፈች። ዝናሜ በዕድሜዋ ሙሉ ሻይ ስታዘጋጅ፣ እንዲህ ያለ ሻይ ዓይታ አታውቅም ነበር።

በዚያው ቅጽበት ከተራራው ጫፍ ጩኸት መጣ። የተናደደ አውሬ ጩኸት አልነበረም። ዝናሜ ልጅ ያሳደገች ናትና አወቀችው፤ የራበው ጩኸት ነው።

አርምዳ ጋሻውን መልሳ ደፋች። ጩኸቱ በረታ። አነሣችው፤ እንፋሎቱ ሽቅብ ተሳበ፤ ጩኸቱ ቀስ እያለ ዝም አለ፤ ጡት አፉ ውስጥ እንደ ገባለት ሕፃን።

አርምዳ ጋሻውን እንደገና ማንቆርቆሪያው ላይ መለሰችው።

«እምዬ» አለች፣ «እንፋሎታችን ሰማይ ደርሶ አያውቅም።»

«ዝም በይ።»

«እሱ ነው የሚበላው። እኛ ነን የቀለብነው። ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ፣ ማለዳና ማታ፣ የመድኃኒቱን ነፍስ እየሰጠነው አሳደግነው። አሁን አድጎ እንፋሎት አልበቃ አለው፤ የሕፃናቱን ሙቀት መሳብ ጀመረ።»

«ዝም በይ አልኩሽ! አባቶቻችን ሁሉ ተሳሳቱ ነው የምትይኝ? እናቴ ተሳሳተች? እኔ…» ዝናሜ ቃሉን አልጨረሰችውም። ጋሻውን ከማንቆርቆሪያው ላይ ገፋችው። ያን ዕለትም በማግሥቱም በክፍት ማንቆርቆሪያ አፈላች፤ አርምዳና ግርማዝ ያንን ቀጭን ሻይ ዝም ብለው ጠጡላት። እያወቀች እንኳ እጇ መክደን አልቻለም። እምነት ከእጅ ላይ በአንድ ጊዜ የሚወልቅ ቀለበት አይደለም።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ አየሩ ሳሳ፤ ውሃ ገና ሳይሞቅ የሚፈላበት፣ ትንፋሽ የሚሰረቅበት ቦታ ነው። ቁርዛም ከዋሻው አፍ ተጋድሞ ነበር። ሰባት በሬ የሚያህል፣ ጠጉር የሌለው፣ ነጭ፣ ዐይኖቹ እንደ ረጋ ስብ የደፈረሱ። ጥርስ የለውም። ምላሱ ብቻ እንደ ረጅም ጨርቅ በአየሩ ላይ እየተውለበለበ ከሸለቆው የሚመጣውን ስስ እንፋሎት ይልሳል። ከሆዱ ስር፣ እሱ በተኛበት ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ፣ ፍሕሚት እንደ ተበተነ ፍም ቀልታለች።

ግርማዝ ጦሩን ወረወረ። ጦሩ አውሬው ጎን ላይ ሲደርስ አመዳይ ለብሶ እንደ ቅርንጫፍ ወደቀ። ቁርዛም ራሱን ቀና አደረገ፤ ምላሱ ወደ ግርማዝ ተዘረጋ፤ ጦረኛው ባለበት ነጣ፤ ጉልበቱ ታጠፈ።

አርምዳ ግን ከሰሉን አቀጣጥላ ማንቆርቆሪያውን ጥዳ ነበር። ዝንጅብሉን፣ ጦስኙን፣ ዳማከሴውን ሁሉ አንድ ላይ ጨመረችበት፤ አያቷ አታድርጊ ያለቻትን ሁሉ አደረገች፤ አብሮ እንዲንተከተክ፣ መልካሙ ሁሉ እንዲወጣ። እንፋሎቱ ተነሣ። ምላሱ ግርማዝን ትቶ ወደ ማንቆርቆሪያው ዞረ። አውሬው እየተንፏቀቀ ከአልጋው ለቀቀ፤ ዝናሜም በእጅና በእግሯ እየዳኸች ፍሕሚቷን በሻሽ ጠቅልላ አወጣች።

ሦስቱ ከምድጃው ኋላ ተሰበሰቡ። ቁርዛም ከወዲያ ማዶ ይልሳል።

«እንሂድ» አለች ዝናሜ። «ሳያየን እንሂድ።»

«ቅጠሉ ይሞቃል፣ እምዬ። ይሸተዋል። ይህ እሳት በጠፋ ጊዜ ተከትሎን ከተማ ይገባል።» አርምዳ ፍሙን ቆሰቆሰች። «አንድ ሰው እዚህ እያፈላ ይይዘዋል። ሁለቱ ይወርዳሉ፤ ሕፃናቱን ያጠጣሉ፤ የወርዘንን ድስት ሁሉ ያስከድናሉ። ከታች ቀለቡ ሲቋረጥ የአንድ ማንቆርቆሪያ እንፋሎት አያኖረውም፤ ይሞታል። ከሰሉ እስኪያልቅ ይሞታል።»

«እኔ እቀራለሁ» አለ ግርማዝ።

«እምዬን ማን ያዝላታል? ጉልበቷን እያየህ? እኔን እሷ አዝላ አሳደገችኝ እንጂ እኔ እሷን አልችላትም።»

«እኔ ነኝ የምቀረው» አለች ዝናሜ። «በቃ። ምን ይከራከራል? እኔ ኖሬያለሁ። አንቺ ቅጠሉን ይዘሽ ትወርጃለሽ።»

«እሺ» አለች አርምዳ። ዐይኗ አልፈራም። «ፍሕሚት እንዴት ነው የሚዘጋጀው? ንገሪኝ።»

«ውሃው… ውሃው መጀመሪያ ይጮሃል። ከዚያ ዝም ይላል። ዝም ሲል ታወርጂዋለሽ፤ ከዚያ…»

«ዝምታው ምን ያህል ሲሆን?»

«እሱ በጆሮ ነው።»

«ከዚያስ?»

«እንደ ዶሮ ዐይን ሲጠራ ታጠዪዋለሽ። ካለፈ መርዝ ነው። ቀድሞም ከሆነ አይሠራም።»

«ሲጠራ አይቼው አውቃለሁ?»

ዝናሜ ጠባሳ የሌለበትን የአርምዳን እጅ አየች። ስንት ጊዜ ነው ይህች ልጅ ከፍሕሚት ድስት አጠገብ «ላግዝሽ» ብላ የመጣችው? ስንት ጊዜ ነው «ሂጂ፣ ይፈጅሻል፣ መርዝ ነው፣ ስታድጊ» ብላ ከጓዳ ያስወጣቻት? እሳት እንዳይነካት፣ መርዝ እንዳይነካት ብላ። ሌሎቹን ሴቶች አስተምራ ቢሆን ኖሮ እንኳ… አላስተማረችም፤ ሥራው ከባድ ነው፣ እኔ አለሁ እያለች።

«አታውቂም» አለች ዝናሜ። «አላሳየሁሽም።»

«ታዲያ እንግዲህ።» አርምዳ አቀፈቻት። «ከተማ በደረስሽ ቀን ትከድኛለሽ። ማይልኝ።»

«አልምልም።»

«እምዬ፤ ካልከደንሽ እኔ እዚህ የምቀልበው ለማን ነው? ማይልኝ።»

ዝናሜ ማለች። በእናቷ መቃብር፣ በልጇ መቃብር ማለች። ከዚያ ጋቢዎቹን ሁሉ አወረደችላት፤ አርምዳ የአያቷን ጋቢ መለሰችላት፤ ዝናሜ እንደገና አለበሰቻት። «ከነፋሱ ጀርባሽን አዙሪ። ሲደክምሽ አትተኚ። ዝንጅብሉን ሁሉ ለሱ አትስጪው፤ ላንቺም አስቀሪ፤ ሰማሽ?» ግርማዝ ጦሩን አንሥቶ ከምድጃው አጠገብ ተከለላት፤ ከዚያ እያለቀሰች ያለችውን አሮጊት ጀርባው ላይ አዘለና ወረደ። ዝናሜ ፊቷ ወደ ኋላ ነበር፤ እስኪሰወርባት ድረስ ያንን ቀይ ነጥብ አየችው።

ከተማ ሲደርሱ ዝናሜ ከጀርባው ወርዳ ሳትቀመጥ ድስት ጣደች። ውሃው ጮኸ። አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። ውሃው ዝም አለ፤ አወረደችው፤ ቅጠሏን ጨመረችበት፤ የግርማዝን ጋሻ ደፍታበት ጠበቀች። ይህን ብቻ ከደነች፤ ስለ ሌላው ድስት አልተናገረችም። ሊቀ እንፋሎት «ሰማይ!» ብሎ ሊጮህ ሲል፣ ዐይኗን አይቶ አፉን ገጠመ። እንደ ዶሮ ዐይን ሲጠራ አጠለለችና ለብ ሲል በማንኪያ ጫፍ የመጀመሪያውን ሕፃን አጠጣች።

ሕፃኑ ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ አለቀሰ። እናቲቱ መሬት ተደፍታ የዝናሜን እግር ሳመች። በየቤቱ ልቅሶ ተሰማ፤ ሰው ልቅሶ ሰምቶ እልል ያለበት ቀን እሱ ብቻ ነው።

ዝናሜ ግን መሐላዋን አልፈጸመችም። ነገ፣ አለች። ከተማው ሁሉ ድስቱን እንደ ጥንቱ ክፍት አድርጎ ደስታውን ያፈላል፤ እንፋሎቱ ወደ ተራራው ይሄዳል፤ አውሬው ከታች ከጠገበ፣ አርምዳ ምናልባት ሹልክ ብላ ትወርዳለች። ምናልባት። ነገም መጣ፤ ነገ አለች። ግርማዝ ደጃፏ ላይ ተቀምጦ ምንም አይናገርም።

«ለምን አንተ አትነግራቸውም?» ብላ ጮኸችበት አንድ ቀን። «ለምን ዐይን ዐይኔን ታየኛለህ?»

«ልጅቱ የርስዎ ናት፣ እሜቴ። እርስዎ ካልተናገሩ እኔ አልናገርም።»

የመጀመሪያው ሕፃን እናት ያኔ መጣች። ሕፃኑን አላሳየቻትም፤ በእጇ አቅፋው ብቻ ቆመች። ጸጥታው ይበቃ ነበር። ዝናሜ የልብሱን ጫፍ ገለጥ አድርጋ ከንፈሩን አየች፤ እንደገና ጠቁሯል። ፍሕሚቷ አልቃለች።

ዝናሜ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ንጉሡ ፊት ቆመች፤ የሆነውን ሁሉ ተናገረች። መኳንንቱ ጮኹ፤ ሊቀ እንፋሎት «ክህደት!» አለ፤ ከበሬታቸው ሁሉ የተሠራው በዚያ እንፋሎት ላይ ነበርና። እሷ ድምፅዋን አላነሳችም።

«ንጉሥ ሆይ፤ እኔ ካልተሳሳትኩ ልጄ ትሞታለች። ከተሳሳትኩም ልጄ ትሞታለች። ሰው በዚህ ይዋሻል?»

ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ፤ ዘውዳቸውን አውልቀው የናሱ ድስት ላይ ሊያኖሩ ሞከሩ፤ ዘውዱ ጠበበ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም። በወርዘን ግጣም አልነበረምና ሰዉ ያገኘውን ደፋ፤ ሰፌድ፣ ወንፊት ላይ ጨርቅ፣ የበርጩማ መቀመጫ፣ የበር ሳንቃ፣ ጋሻ። የናሱን ድስት የከደነችው ዝናሜ ናት። ጋሻውን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች፤ ሰዎች ሊያግዟት ሲመጡ «ተዉኝ» አለች። ደፋችው።

ከከተማው በላይ ያለው አየር ጠራ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተራራው ጫፍ ጥርት ብሎ ታየ። ከዚያም ጩኸቱ መጣ፤ ያ የረሃብ ጩኸት። ሰው ጆሮውን ያዘ። ዝናሜ ጆሮዋን አልያዘችም። አሁን ለዚያ አውሬ በዓለም ላይ የቀረው ሙቀት አንድ ማንቆርቆሪያና አንዲት ልጅ ብቻ ነው፤ እሷ ናት ያንን ያደረገችው፤ ስለዚህ ሰማችው። ፀሐይ ዞረች፤ ጩኸቱ ቀጠለ። ቀጥሎ ሳሳ። ቀጥሎ ተቆረጠ፤ በተራራውም ጎን በረዶው ተሰንጥቆ ውሃ ሆኖ ወረደ።

ሕፃናቱ በየቤቱ ባንድ ጊዜ አለቀሱ።

ከበሮ ተመታ። አዝማሪዎች ስለ ግርማዝ ጋሻና ስለ ንጉሡ ዘውድ ገጠሙ። ሊቀ እንፋሎት ወጥቶ ሰማይ ራሱ ክደኑ ብሎ እንዳዘዘ፣ እሱም ቀድሞ እንዳነበበው አወጀ፤ ሰዉም አመነው። የአርምዳ ስም በአንዱ ዘፈን ውስጥ ለቤት መምቻ ገብቶ ነበር። ዝናሜ ሰማች፤ ወደ ጓዳዋ ገባች።

መንገዱ ሲከፈት ግርማዝ ብቻውን ወጣ። ሲመለስ ዝናሜ ጓዳዋ ውስጥ ነበረች፤ ቆሞ በሩን ሞላው።

«ተናገር» አለችው።

«ተኝታ አገኘኋት፣ እሜቴ። እንቅልፍ የወሰዳት ነው የምትመስለው። ፈገግ ብላ…»

«ዋሾ። ፈገግታውን ከየት አመጣኸው?»

ግርማዝ መሬት መሬት አየ። «ከሰሉ አልቆ ነበር። የከሰሉን ቅርጫት አንድዳዋለች። ጋቢዎቹን አንድዳለች። የጦሬ ብረት አመዱ ውስጥ አለ፤ ዘንጉ የለም። አውሬው እንደ ባዶ ስልቻ ሟሽሾ ከምድጃው ወዲያ ወድቋል። እሷ ከወዲህ ናት።»

«ጋቢዎቹን?»

«ሁሉንም።»

ዝናሜ የድስት ማውጫውን ጨርቅ አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው።

«ቀበርካት?»

«ቀበርኳት።»

«ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ነው?»

«ጧት ጧት ያገኘዋል።»

«ጉድጓዱ ጥልቅ ነው? እዚያ ላይ እኮ ውርጭ ይወርዳል፤ ድንጋይስ ደልድለህበታል?»

«ደልድያለሁ፣ እሜቴ። ጥልቅ ነው።»

«ምን ለብሳ? ያ ሁሉ ጋቢ ከተቃጠለ ምን ለብሳ ነው አፈር የገባችው?»

«ካባዬን አለበስኳት።»

«አንተስ? በዚያ ብርድ አንተ በምን ወረድክ?»

«እንዲሁ።»

ቀና ብላ አየችው። ያ የበር መቃን የሚገጭ ሰው በእጀ ጠባቡ ብቻ ቆሞ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ እንዳታይበት መንጋጋውን ነክሶ ይዞታል።

«እንዲሁ!» አለች ዝናሜ። «እንዲሁ ይለኛል! ና፣ ወደ እሳቱ ቅረብ። ቅረብ እንጂ፣ ምን ያቆምሃል?»